ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ይመለሳል? የሳኒቴሽን ሥልጠና የድጋፍ ገንዘብ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

በኢትዮጵያ ገጠር ሳኒቴሽን ውስጥ ብዙ የማይነገርለት አንድ መሠረታዊ አቋም አለ። ለቤተሰብ መጸዳጃ ቤት ግንባታ መንግሥትም ሆነ ረጂ ድርጅት ገንዘብ አይሰጥም። በ2005 የወጣው ብሔራዊ የሃይጂንና ሳኒቴሽን ስትራቴጂ ይህን አቋም ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞችም በአብዛኛው ጠብቀውታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ እንጨቱን የሚያቀርበው፣ ግድግዳውን የሚመርገው ራሱ ቤተሰቡ ነው። የድጋፍ ገንዘቡ የሚውለው ሕዝቡን ለማነሳሳት፣ ለማሠልጠን፣ ለመምከርና ለመከታተል ነው።

ከዚህ አቋም የሚከተለውን ነገር ግን በቅጡ የተገነዘብነው አይመስለኝም። በውሃ ፕሮጀክት ሥልጠናው ደካማ ቢሆን እንኳ ቢያንስ ፓምፑ ይቀራል። በገጠር መጸዳጃ ቤት ግን የሕዝብ ገንዘብ የሚገዛው ሥልጠናና እገዛን ብቻ በመሆኑ፣ እሱ ከከሸፈ የሚቀር ነገር የለም። ያም ሆኖ ሥልጠናው በጀት የሚያዝለት እንደ አንድ ሰሞን ዝግጅት ነው። የተለመደውን የወረዳ ሥልጠና በጀት የሚያውቅ ሰው መደቦቹን በቃሉ ይወጣቸዋል፤ የውሎ አበል፣ ትራንስፖርት፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሻይ ቡና። ሠልጣኙ ወደ ቀበሌው ከተመለሰ በኋላ፣ ክረምቱ አልፎ ጉድጓዱ ሲደረመስ፣ ተመልሶ ሄዶ የሚያይ ባለሙያ ደመወዝና መጓጓዣ ከእነዚህ መደቦች ውስጥ የለም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የድጋፍ ገንዘብ በዋናነት ለዚያ ተመላሽ ባለሙያ መከፈል አለበት የሚል ነው። ሐሳቡ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ ከሰባ ዓመት በፊት እዚያው ተሞክሯል።

የ1954ቱ ኮሌጅ

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በማግስቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ወጪውንና ባለሙያውን የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዘመኑ ፖይንት ፎር ይባል የነበረው የአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተጋሩት። ኮሌጁ ሐኪም ለማፍራት አልተነሣም። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ጎን ለጎን አሠለጠነ፤ ተማሪዎቹም ገና በትምህርት ላይ እያሉ በአንድ ቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ አደረገ።

ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ሳኒታሪያኑ ነው። ምንጭ ማጎልበት፣ የጉድጓድ ውሃን ከብክለት መከለል፣ የመጸዳጃ ቤት ቦታ መምረጥ፣ ገበያና ቄራ መቆጣጠር የዕለት ሥራው ነበር። ከነርሷና ከጤና መኮንኑ እኩል የቡድኑ አባል ነበርና፣ ሕፃናት በተቅማጥ ሲመጡ ሕክምናው በአንድ ወገን፣ ወደ መጡበት መንደር ሄዶ የውሃውንና የመጸዳጃውን ሁኔታ ማየት በሌላ ወገን አብረው ይሄዱ ነበር። የዘመኑ የድጋፍ ገንዘብ የተከፈለው ለዓመታት ትምህርት፣ ከዚያም ቋሚ ደመወዝ ይዞ በቦታው ለሚቆይ ባለሙያ ነው። በአጭር ኮርስ የምስክር ወረቀት ይዞ የሚበተን ሠልጣኝ የዚያ ዕቅድ አካል አልነበረም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ተቋሙ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለወጥ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ የቀጠለው በ1990ዎቹ ነው። የአካባቢ ጤና ትምህርት ግን ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ወደ ቤት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከልም አለው። እውቀቱና ተቋሙ እንግዲህ ከደጋው ብዙ አልራቁም።

ደጋው

ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከሷ ወዲያ የጃናሞራና የበየዳ ወረዳዎች ከዚያም በላይ ይወጣሉ። አፈሩ ለዘመናት ታርሶ የሳሳ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ጉድጓዱ የሰው ቁመት ሳይደርስ ዶማው ከጥቁር ድንጋይ ጋር ይጋጫል። ለወለል የሚሆን እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ለማገዶ፣ ለቤትና ለሽያጭ ይፈለጋል።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራውን መጸዳጃ ቤት ቀረብ ብለን እንየው። ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና ይረበረብና ጭራሮ ተነጥፎበት በጭቃ ይመረጋል። ቀዳዳው መክደኛ ይኖረው እንደሆነ የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። በር ላይ በሽቦ ማሰሪያ የተንጠለጠለች ሁለት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን፣ ከሥሯም የተበሳች የእስክሪብቶ ቀፎ አለች፤ እጅ መታጠቢያ ናት። ሐምሌ ሲገባ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ በጉድጓዱ ጠርዝ ይሰርጋል፤ አፈሩ ይናዳል፣ አጣናው ሥር ሥሩን ይበሰብሳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ወለሉ መርገብገብ ሲጀምር እናት ልጆቿን እዚያ እንዳትገቡ ትላለች። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። ቤተሰቡም ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ የቀበሌው መዝገብ ግን ያንን ቤት መጸዳጃ ያለው ብሎ ይዞታል።

ይህን ውድቀት ለመከላከል የሚያስፈልገው እውቀት ከባድ አይደለም፤ ግን እውቀት ነው። ከተዳፋቱ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቅደድ፣ አለቱ ቶሎ ከተገኘ የጉድጓዱን አፍ ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ መካብ፣ ጠርዙን መጠረብ፣ ወለሉን ዙሪያውን ከፍ አድርጎ ውሃ እንዳይተኛበት ማድረግ። ደጋው ድንጋይ አላነሰውም፤ ካብ የሚክብ ሰውም አላጣም። የሚጎድለው ያንን እጅ ለዚህ ሥራ የሚመራው ሰው ነው።

ከ2006 ገደማ ጀምሮ በአገራችን የተስፋፋው በማኅበረሰብ መሪነት የሚተገበር ሳኒቴሽን ለዚህ መልስ አልነበረውም። ስልቱን ካማል ካር በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በባንግላዴሽ ጀመረው። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የሰፈሩን ካርታ መሬት ላይ ይሥላል፤ የሚጸዳዳበትን ሜዳ በአመድ ወይም በዱቄት ያመለክታል፤ ዓይነ ምድር በዝንብና በጎርፍ እንዴት ወደ ምግቡ እንደሚመለስ ራሱ ይደርስበታል። የሚፈጠረው የመጸየፍ ስሜት ኃይለኛ ነው፤ ብዙ መንደር በዚያ ተነሥቷል። ስሜቱ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ጉድጓዱ ሦስት ክረምት እንዴት እንደሚቆይ ግን አያስተምርም። ቀበሌው ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነጻ ተብሎ በበዓል ሲታወጅ ድጋፉ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ይሻገራል።

አገር አቀፍ አኃዞችም ይህንኑ ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የጋራ ክትትል እንደሚለው በ1990 ከኢትዮጵያውያን 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ 29 በመቶ ደረሰ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የቀነሰ አገር አልታየም፤ ክብሩም በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሰማራቸው ሴቶች ነው። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በበኩሉ፣ በገጠር ለራሱ ብቻ የተሻሻለ መጸዳጃ የሚጠቀመው ቤተሰብ 4 በመቶ መሆኑን፣ 39 በመቶው ደግሞ ምንም እንደሌለው መዘገበ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሕዝብ ከላይ የተገለጸችውን ዓይነት መጸዳጃ የሚጠቀም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን ለዚህ መውቀስ ግፍ ነው። 5,000 ያህል ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ሁለት ሆነው ከክትባት እስከ ቤተሰብ ምጣኔ በርካታ ፓኬጅ ተሸክመው፣ በጃናሞራ ገደል በእግር ይወጣሉ ይወርዳሉ። የድንጋይ ካብ ምሕንድስናን በዚያ ላይ መጨመር አይቻልም።

ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

አማራ ክልል በዚህ ረገድ ለሌላው የሚተርፍ ልምድ አለው። የፊንላንድ መንግሥት ከ1994 እስከ 2011 በክልሉ የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራምን ደገፈ። በ2003 ፕሮግራሙ ያልተለመደ እርምጃ ወሰደ፤ የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ በኩል በቀጥታ ለማኅበረሰቡ መልቀቅ ጀመረ። መንደሩ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወረዳው ያጸድቃል። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ የገንዘብ አያያዝና የግዢ ሥልጠና ይወስዳል፤ ለጥገና የሚሆን ቁጠባ አስቀድሞ ያስገባል፤ ጉልበቱንና የአካባቢውን ማቴሪያል ያዋጣል። ገንዘቡ በየደረጃው ይለቀቃል፤ ሲሚንቶውን የሚገዛውም፣ ግንበኛውን የሚቀጥረውም ኮሚቴው ነው። ስልቱ ከ2011 ወዲህ ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻግሯል፤ አብቁተም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል።

ስልቱ በዋናነት የተሠራው ለውሃ ነጥቦች፣ ኋላም ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋማት መጸዳጃ ነው። እኔ የማደንቀው የሥልጠናውን ሰዓት ነው። ኮሚቴው የሚሠለጥነው ነገ በእጁ ለሚገባ ገንዘብና ነገ ለሚቆፈር ጉድጓድ ነው፤ የሚቀጥለው ክፍያ እንዲለቀቅ ደግሞ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ሥራውን ማየት አለበት። መመለሱ ከገንዘቡ ጋር ተቋጥሯል። ረጂዎች በአንድ ቋት ገንዘብ የሚያዋጡበት የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም በ2013 ሲጀመር ውሃን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ፋይናንስን በአንድ ዕቅድ ማሰባሰቡ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን ቋጠሮ ግን በቤተሰብ ሳኒቴሽን ላይ አላሰረውም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስረጃ በሐቀኝነት መታየት አለበት። በዚሁ ክልል በዋግ ኽምራ የተካሄደውና በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ጥናት፣ በ40 አካባቢዎች የውሃ፣ የመጸዳጃና የፊት መታጠብ ሥራዎችን ለሦስት ዓመት አነጻጽሮ፣ ትራኮማ አምጪው ተሕዋስ በሕፃናት ዓይን ላይ እንዳልቀነሰ ደመደመ። ውጤቱ ለዘርፉ መራር ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ገንዘቡ ወደ መድኃኒት ይዙር ይላሉ። እኔ ከውጤቱ የማነበው፣ የመጸዳጃና የውሃ አቅርቦቱ ደረጃ ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ በሽታን መስበር እንደማይቻል ነው። ያ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛውን ደረጃ በብዙ ቀበሌ ከመበተን ይልቅ ደረጃውን የሚያሳድግ ባለሙያ ላይ ማተኮር ይሻላል።

ከተማውና ሐይቁ

የደጋው ጉዳይ ከከተማው አይነጠልም። ጎንደር በአብዛኛው የምትጠቀመው በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ያልተጠራበት ደግሞ ክረምት ላይ ይገነፍላል። ቀሃና አንገረብ ከተማዋን አቋርጠው ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ይወርዳሉ። የጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ይኸው ቀሃ ነው። በ2011 በጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ ሲረጋገጥ የመገጭ መግቢያ አካባቢ ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነበር፤ አረሙ የሚወደው ደግሞ ከእርሻ ማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣውን ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ባንክ በ2017 ያጸደቀው ሁለተኛው የከተሞች የውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት አዲስ አበባንና 22 ሌሎች ከተሞችን ሲያቅፍ ጎንደርም ከእነርሱ ጋር ገብታለች። በመካከል የቀሩት እንደ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ያሉት ናቸው፤ ለከተማ ፕሮጀክት ያንሳሉ፣ ቆፍሮ መተካት ለሚባለው የገጠር ዘዴ ደግሞ ቦታ የላቸውም። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ጓሮ የሌለው ቤት ጉድጓዱ ሲሞላ ምን ያድርግ?

በአሜሪካ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ከተሞች የተዘጋጀ መንገድ አለ። የእርሻ ሚኒስቴሩ ሕዝባቸው ከ10,000 ለማይበልጥ የገጠር ከተሞች የሚሰጠው የቴክኒክ እገዛና ሥልጠና ድጋፍ የሚከፈለው፣ ለከተሞቹ ባለሙያ ለሚያቀርቡ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ነው። ከከተማ ከተማ የሚዞር ልምድ ያለው ቴክኒሻን ይመጣል፤ የተበላሸውን ያያል፣ የአካባቢውን ኦፕሬተር እያሠራ ያስተምራል፣ የድጋፍ ማመልከቻ እንዲጽፉም ያግዛል። ከሀብታም አገር ልንወስድ የምንችለው ሐሳብ ይህ ነው፤ ውድ ማሽን አያስፈልገውም።

ለሰሜን ጎንደር ቢሰላ፣ ለሁለት ሦስት ወረዳ አንድ ተዘዋዋሪ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ በየቀበሌው ደግሞ ከእሱ ጋር የሚሠሩ ሁለት የሠለጠኑ የድንጋይ ግንበኞች ይበቃሉ። ባለሙያው በታኅሣሥና በጥር፣ መሬቱ ደርቆ ሰው ከአጨዳ ሲያርፍ፣ ቁፋሮውን ይመራል፤ መስከረም ላይ የተናደውን ለማየት ይመለሳል። ድጋፉ የሚታሰበውም ለሦስት ተከታታይ ክረምት ሆኖ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሦስተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ስንት መጸዳጃ በሥራ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ይለቀቅ። ቆጠራውን የዳባት የምርምር ማዕከል በራሱ ወረዳ ሊጀምረው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። ዳባትና ደባርቅ በ2021 የጦር ግንባር ነበሩ፤ ከ2023 ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት የወረዳ ባለሙያን ከመንገድ አስቀርቷል። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም ደግሞ በእሷ ገንዘብ የሚሄዱ ሥራዎች በድንገት ተቋረጡ። ለዚህ ነው የተዘዋዋሪው ባለሙያ ደመወዝ ከመደበኛ የመንግሥት በጀት መውጣት ያለበት፤ የረጂው ገንዘብ ለትምህርቱ፣ ለመሣሪያውና መኪና በማይገባበት ለበቅሎው ይዋል። መደቡን የውሃ ቢሮ ይያዘው ወይስ የጤና ቢሮ የሚለው ክርክር መምጣቱ አይቀርም። የእኔ ምርጫ የጤና ቢሮ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ አስቀድመው በየቀበሌው በሥሩ አሉ፣ ባለሙያው ሲመጣ የትኛው ቤት እንደፈረሰ የሚነግሩትም እነሱ ናቸው።