ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚለብሱት የጠፈር ልብስ



«ዶክተር፣ መንኮራኩሩ ውስጥ አየር ካለ ጠፈርተኞቹ ለምን ያንን ትልቅ ልብስ ለብሰው ይቀመጣሉ?» ይህን የጠየቀኝ ለጉንፋን ከእናቱ ጋር የመጣ ልጅ ነው። እናቱ «ኧረ ዶክተሩን አታድክመው» አለችው። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም፤ መልሱ የ3 ሰዎችን ሕይወት ያስከፈለ ነው። ዛሬ ያንን ታሪክ ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር ሲወጣ የግፊት ልብስ ለብሶ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ግን ሶቪየቶች በአንድ መንኮራኩር 3 ሰው ለመላክ ፈለጉ። ቦታው ጠባብ ስለነበር 3 ሰው ከነልብሱ አይበቃውም። ስለዚህ የቮስኮድ 1 ሠራተኞች ያለ ግፊት ልብስ፣ በተራ ልብስ ሄደው በሰላም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሶዩዝ የተባለችው መንኮራኩር ስትሠራም ሰዎቹ ለመነሻና ለመመለሻ የግፊት ልብስ አያስፈልጋቸውም ተባለ፤ ክፍሉ በደንብ የተዘጋ ነው፣ አየር አያስወጣም የሚል እምነት ነበር። እኔም በሥራዬ ይህን አስተሳሰብ በየቀኑ አገኘዋለሁ። «ዶክተር፣ የተረፈውን አንቲባዮቲክ ለልጄ ሰጥቼው ያውቃል፣ ምንም አልሆነም» ይሉኛል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1971 ሶዩዝ 11 ወደ ሳልዩት 1፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ለመብረር ተዘጋጀች። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይገባበታል። ጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቫሌሪ ኩባሶቭ የተባለው ጠፈርተኛ ራጅ ሲነሳ ሳንባው ላይ ጥላ ታየ። ሐኪሞቹ የሳንባ ነቀርሳ ጠረጠሩና አገዱት። በደንቡ መሠረት አንድ ሰው ሲታመም ሙሉ ቡድኑ ይቀየራል፤ ስለዚህ ተጠባባቂዎቹ ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳየቭ ሄዱ። ኩባሶቭ ነቀርሳ እንዳልነበረበት በኋላ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ጠፈር ላይ ከአሜሪካኖች ጋር በተደረገው ታዋቂ ጉዞም ተሳትፏል። ሐኪሞቹ ግን አጠፉ ለማለት አልደፍርም። እንዲህ ያለ ጥላ እያዩ ዝም ማለት አይቻልም።

ሦስቱ ሰዎች ከ3 ሳምንት በላይ ጠፈር ላይ ቆዩ፤ በዚያን ጊዜ ማንም ያን ያህል ቆይቶ አያውቅም። የአገራቸው ሰው በቴሌቪዥን እያያቸው ወዷቸው ነበር። ሰኔ 30 ቀን ሲመለሱ መንኮራኩሯ ከሌሎች ክፍሎቿ መላቀቅ ነበረባት። ክፍሎቹን ያያያዙት በፈንጂ የሚላቀቁ ብሎኖች ተራ በተራ መፈንዳት ሲገባቸው በአንድ ጊዜ ፈነዱ። በንዝረቱ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ተከፈተች። ይህች ቫልቭ መከፈት የነበረባት ለማረፍ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የውጭ አየር ለማስገባት ነው። የተከፈተችው ግን ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነና የውስጡን አየር ታስወጣ ጀመር።

ዣንጥላው ተዘረጋ፣ መንኮራኩሯም ካዛክስታን ሜዳ ላይ በሰላም አረፈች። በሩን የከፈቱት ሰዎች ሦስቱን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኟቸው። ገላቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ሐኪሞቹ መሬት ላይ አስተኝተው ትንፋሽና የልብ ምት ለመመለስ ሞከሩ፤ አልሆነም።

ምን ገደላቸው? ሳንባችን ኦክስጅን የሚያስገባው በግፊት ልዩነት ነው። ሳንባ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በደም ውስጥ ካለው ስለሚበልጥ ኦክስጅኑ ወደ ደም ያልፋል። አየር በሌለበት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደም ሳንባ ሲደርስ የነበረውን ኦክስጅን ጭምር አራግፎ ይወጣል። ልብ ያንን ባዶ ደም ወደ አንጎል ይልካል። አንጎል ደግሞ ስንቅ የሚያስቀምጥበት ጓዳ የለውም። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሰው ራሱን ይስታል። ሦስቱ ቫልቩን በእጃቸው ለመዝጋት ሞክረው እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል። ይሁንና ቫልቩን በእጅ አዙሮ ለመዝጋት አንድ ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። በእጃቸው የነበረው ደግሞ ሰከንዶች ብቻ ነው።

ልጆች ፊልም ላይ እንደሚያዩት ሰው ግን እንደ ፊኛ አይፈነዳም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሂውስተን ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ ባለሙያ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ልብስ ሲፈትሽ የአየር ቱቦው ተላቀቀ። በ14 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ሳተ። ከመሳቱ በፊት ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ እንደተሰማው ተናግሯል። ግፊት ሲጠፋ ውኃ በገላችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ እንኳ ይፈላልና። አየሩ ወዲያው ስለተመለሰለት ተረፈ።

ከሶዩዝ 11 በኋላ ሶኮል የተባለው ልብስ ተሠራ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1973 ሶዩዝ 12 ስትነሳ ጠፈርተኞቹ እሱን ለብሰው ነበር። ለልብሱና ለኦክስጅን መሣሪያው ቦታ ለማግኘት ሦስተኛው ወንበር ተነሳ፤ ሶዩዝ እንደገና 3 ሰው የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አንድ ወንበር ለ7 ዓመት መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም።

አሠራሩን ለልጆቻችሁ በብስክሌት ጎማ ልታስረዷቸው ትችላላችሁ። ከውስጥ አየር የሚይዝ ከመነዳሪ፣ ከውጭ ደግሞ ከመነዳሪው አልፎ እንዳይነፋ የሚይዝ ጠንካራ ጎማ። ልብሱም እንዲሁ ነው። በደህናው ጊዜ የክፍሉ አየር በቱቦ እየነፈሰ ሰውየውን ያቀዘቅዘዋል። የክፍሉ ግፊት ሲወርድ ኦክስጅን ወደ ልብሱ ይለቀቃል። በዚያን ጊዜ በልብሱ ውስጥ የሚኖረው ግፊት እኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ከምናገኘው 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አነሰ እንዳትሉ! ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ልብሱ ውስጥ ያለው ግን ንጹህ ኦክስጅን ስለሆነ ይበቃል። ግፊቱ ከዚህ ይጨመር ቢባል ልብሱ እንደተነፋ ጎማ ይገትርና ጣት ማጠፍ ያስቸግራል።

የሚገርመኝ አዘጋጉ ነው። ደረቱ ላይ ያለው የውስጠኛው ጨርቅ አፍ ልክ እንደ ፌስታል ይሰበሰብና በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ልብሱ የተሰፋውም ጉልበቱን አጥፎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ለዚህ ነው ወደ መንኮራኩሩ ሲሄዱ ጎበጥ ብለው የምታዩአቸው፤ ወገባቸውን አሟቸው አይደለም።

አሜሪካኖችም ብዙዎቹን የመጀመሪያ የሹትል በረራዎች ያለ ግፊት ልብስ ነበር ያደረጉት። ብርቱካናማው ልብስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር ከጠፋች በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለተሳፋሪዎችም ቅርብ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን 10 ወይም 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል፤ ያም የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ግፊቱ በድንገት ቢወርድ ነቅተን በትክክል የምናስብበት ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቢሆን ነው። ማስኩ ሲወርድ መጀመሪያ የራሳችሁን አድርጉ የሚባለው ለዚህ ነው። እናቶች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይቀየራል። ራሷን የሳተች እናት ግን ለልጇ ማስክ ልታደርግለት አትችልም። በቅርቡ ሳንባው አየር ያፈሰሰ፣ ደረቱን ኦፕራሲዮን የሆነ ወይም ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ዛሬም ባይኮኑር ላይ ጠፈርተኞች ከመሄዳቸው በፊት ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ይጋደማሉ፤ ልብሱ ይነፋና አየር እንደማያስወጣ ይፈተሻል። ቤተሰቦቻቸው ከመስታወት ወዲያ ሆነው ያዩአቸዋል።