«ትሬን» ሁሉ ባቡር አይደለም

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። እንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበባችሁ «ካሜል ትሬን» የሚል ሐረግ ቢያጋጥማችሁ ምን ብላችሁ ትተረጉሙታላችሁ? «የግመል ባቡር» ካላችሁ ግመሎቹን ሐዲድ ላይ አወጣችኋቸው ማለት ነው!

ቀልድ ይመስላል፤ የአፋርን ታሪክ ለሚያነብ ሰው ግን ስህተቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የሚባል የብሪታንያ መልዕክተኛ ከታጁራ ወደብ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደርሷል። ጓዙ የተጫነው በግመል ነው። በዚህ አካባቢ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት የተጀመረው ከዚያ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እና በዚያ ዘመን ስለ አገራችን በተጻፈ ነገር ውስጥ «ትሬን» የሚል ካያችሁ ጭስ አትፈልጉ።

ታዲያ ቃሉ ምን ማለት ነበር? ሥሩ «መጎተት፣ መሳብ» የሚል የላቲን ግሥ ነው፤ ትራክተርም የተወለደው ከዚያው ነው። እንግሊዞች «ትሬን»ን ከፈረንሳይኛ የወሰዱት በመካከለኛው ዘመን ሲሆን፣ ያኔ ከኋላ እየተጎተተ የሚመጣ ነገርን ይጠሩበት ነበር። ዛሬም ሙሽራዋ ስትራመድ ከኋላዋ መሬት ለመሬት የሚጎተተው የቬሎ ዘርፍ በእንግሊዝኛ «ትሬን» ይባላል። ከቀሚስ ወደ ሰው ለመሻገር ደግሞ ጊዜ አልፈጀበትም። ጌታው ከፊት ሲሄድ ከኋላው የሚግተለተለው አጃቢና አሽከር ሁሉ የእሱ «ትሬን» ሆነ።

ለዚህኛው ትርጉም አማርኛ ቁርጥ ያለ ቃል አለው፦ ጭፍራ። «ራስ እገሌ ከነጭፍራቸው ገቡ» እንል የለ? (ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የአፋር ከተማ ጭፍራን የምታውቁ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ግን ተጠንቀቁ! ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ስለተጻፉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አይባልም። የአፋር ቦታ ስም መጀመሪያ የሚጠየቀው በአፋርኛ ነው።)

«ትሬን» በዚህ አላበቃም። ተከታትሎ የሚጓዝ የጭነት እንስሳ ሰልፍም ትሬን ተባለ፤ የኛ «የግመል ቅፍለት» ማለት ነው። አንዱ ግመል ከሌላው ጋር ታስሮ አሞሌ ጨው ተሸክሞ ከዳሎል ሲወጣ አስቡት። አትክልተኛም የተክሉን ቅርንጫፍ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ስቦ ሲያስር «ትሬን» አደረገ ተባለ። ከዚያ ልጅንም፣ ወታደርንም ወደሚፈለገው መንገድ መሳብ መጣ፤ ማሠልጠን የሚለው ትርጉም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይታወቅ ነበር። ሰመራ አዳራሽ ውስጥ «ትሬኒንግ አለብኝ» የሚል ባለሙያ እንግዲህ ሳያውቀው ስለ አትክልት እያወራ ነው።

የእንፋሎት ሞተር ሠረገሎችን አቀጣጥሎ መጎተት ሲጀምር እንግሊዞች አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1825 የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር ሲከፈት ሰልፉ ያው ትሬን ነበር፤ የተለወጠው ጎታቹ ብቻ ነው። ዐረብኛ ደግሞ ባቡርን «ቂጣር» ይለዋል። ቃሉ ድሮ አንዱ ከሌላው ኋላ የታሰረ የግመል ሰልፍ ማለት ነበር። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይሄኛው ነው።

እኛስ? እኛ ጉተታውንም ሰልፉንም ትተን እንፋሎቱን ያዝን። «ባቡር» የፈረንሳይኛው «ቫፐር» ነው፤ እንፋሎት ማለት። ቃሉ ወደብ ለወደብ ሲዞር በየአገሩ ሌላ ነገር ሆኗል፦ በቱርክ «ቫፑር» መርከብ ነው፣ በሶማልኛ «ባቡር» መኪና ነው። እኛም ዘንድ የእህል መፍጫው ሞተር «ወፍጮ ባቡር» ተብሏል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው፣ ያለ ሐዲድ የሚሄደው የእንፋሎት ሞተርም «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ጠብታ እንፋሎት የለውም፤ ስሙ ግን አሁንም ባቡር ነው።

የሚገርመው፣ በአፋር ምድር አንዱ ትሬን ሌላውን ትሬን አዳክሞታል። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዋሽን ተሻግሮ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ጣቢያ ከተማ ሆና አደገች። ሃሪስ የመጣበት የታጁራ መንገድ ግን ንግዱ ወደ ሐዲዱ ሲዞር ጭር አለ። ከታጁራ የሚነሱት ግመሎች ተቀነሱ፤ ከእነሱ ጋር የግመል አከራዩም፣ የመንገድ መሪውም፣ በየውኃ ጉድጓዱ ግብር የሚቀበለውም ገቢ ተቀነሰ።

አሁን በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ላይ ብትቆሙ የምታዩት ሌላ ሰልፍ ነው፤ የከባድ መኪና። ከመኪናው ኋላ የተቀጠለውን ጭነት ሹፌሮቹ «ተሳቢ» ይሉታል። ከ«ሳበ» የመጣ ነው፤ እንግሊዞቹ «ትሬን»ን ካወጡበት ከዚያው ሐሳብ። ሰዋስው ክፍል የተማራችሁት «ተሳቢ»ም ያው ነው፤ ግሡ ወደራሱ የሚስበው ስም።