ሰላምታውን የደገመው ሰው

ጋዜጠኝነት ስንማር «ምስል አይዋሽም» ሲባል እየሰማን ነው የተመረቅነው። የአውስትራሊያን ቴሌቪዥን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ትንሽ ጠረጠርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ.)፣ እሁድ ማታ፣ የሲድኒው ቻናል 9 መደበኛ ስርጭት ጀመረ። ብሩስ ጂንጀል የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ብቅ አለና ተመልካቹን ወደ ቴሌቪዥን እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። አውስትራሊያውያን ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ በናፍቆት ያነሷታል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? በየክብረ በዓሉ የሚያዩት ፊልም የዚያን ምሽት አይደለም፤ በኋላ እንደገና የተቀረጸ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሜልቦርን ኦሊምፒክን አስተናገደች፤ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችበትን ማለት ነው። ቴሌቪዥን ያልነበረው ሰው በየሱቁ መስኮት ፊት ተኮልኩሎ አየ።

ከ1974 እስከ 1987 ደግሞ «ካውንትዳውን» የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት የአገሩን ወጣት ቴሌቪዥን ፊት ሰበሰበ። ቴፕ ውድ ነበርና የሕዝብ ጣቢያው ኤቢሲ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግጅቶች ብዙዎቹን አጥፍቶ በላያቸው ሌላ ቀዳ።

በክፋት አይመስለንም። «ማን መልሶ ያየዋል?» ተብሎ ይሆናል። እኛስ ስልካችን በሞላ ቁጥር የምናጠፋው ምንድን ነው? የእናቶቻችንን ድምፅ፣ የሰፈራችንን ሰርግ፣ ተራ የመሰለንን ሁሉ። ጂንጀልስ ተመልሶ ሰላምታውን ደገመው። የኛን ማን ይደግምልናል?