የሳን አንቶኒዮዋ ወይዘሮ ሜሪ መንገር

ባል ሲሞት ሱቁ ምን ይሆናል? ብዙዎቻችን መልሱን በየቤታችን አይተነዋል። አርባው ሳይወጣ አበዳሪ በር ያንኳኳል፣ በዱቤ ዕቃ ይሰጥ የነበረው እጁን ይሰበስባል፣ ዘመድም ቁልፉ የት እንዳለ ይጠይቃል። ይህን እያሰብን ነው በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ሆቴል ያቆመውን የጀርመን ስደተኛ ቤተሰብ ዛሬ ያነሣነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም መንገር ቢራ ጠማቂ ነበር። ከተማዋ ሲገባ ያረፈው ሜሪ ጉንተር የምትባል ሴት ታስተዳድረው በነበረ አልጋ ቤት ነው። እሷም የጀርመን ስደተኛ ናት፤ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት አልጋ እያከራየች ትኖር ነበር። በ1851 ተጋቡ። በ1855 ዊልያም አላሞ በሚባለው አሮጌ ምሽግ አጠገብ ቢራ መጥመቂያ ከፈተ።

ያኔ ሳን አንቶኒዮ ባቡር አልደረሳትም። ዕቃው ከባሕር ዳርቻ በጋሪ ይመጣል፣ ወደ ሜክሲኮም በጋሪ ይሻገራል። ነጋዴው፣ የጦር መኮንኑ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል። በድንበር ከተማ ያደረ ሰው ይህን ገበያ ያውቀዋል። ባልና ሚስቱ በመጥመቂያው ቦታ ላይ 50 ክፍሎች ያሉት የድንጋይ ሆቴል አሠርተው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1859 ከፈቱ። ቢራው የሚቀመጠው ግድግዳው በወፈረ ምድር ቤት ነበር፤ በግቢው የሚያልፈው የመስኖ ቦይ ያቀዘቅዘው ነበር።

ታሪኩ ሁልጊዜ የሚነገረው በዊልያም ስም ነው። በእኛ ግምት ግን የሆቴሉ ሥራ ከሜሪ የመጣ ነው። እሱ ቢራ ያውቃል፤ እንግዳ ማሳደር የማን ሙያ እንደነበር አልጋ ቤቱ ይናገራል።

በማርች 1871 ዊልያም ሞተ። ሜሪ ለሁለተኛ ጊዜ ባሏን ቀበረች። በሞቱ ምክንያት በሆቴሉ ሥራ ምንም ለውጥ እንደማይኖር በጋዜጣ አስነገረች፤ ከልጇ ከሉዊስ ጋርም ሥራውን ቀጠለች። የቴክሳስ ሕግ በዚህ ረገድ ከስፔን የወረሰው ነገር ነበረው፦ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፣ ግማሹ የሚስት ነው። በእኛም አገር የቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት የምንለው ማለት ነው። በሌሎች ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህ ሕግ አልነበረም።

ሆቴሉን አሥር ዓመት ያዙት። በ1877 ባቡር ገባ፤ እንግዳውም በዛ። በ1881 ሸጡት። የገዛው ጆን ካምፕማን፣ እሱም የጀርመን ስደተኛ፣ ከ22 ዓመት በፊት ሕንፃውን የሠራው ግንበኛ ነው! የከፈለው 118,500 ዶላር ሲሆን ለዕቃው ለብቻው 8,500 ዶላር ጨመረ። ቤት ከነዕቃው በአንድ ዋጋ ሸጦ የተቆጨ ካለ፣ ይህችን ልዩነት ልብ ይበላት። ካምፕማን ስሙን አልቀየረውም፤ ሆቴሉ እስከ ዛሬ መንገር ይባላል።