ከአይጠየፍ ባሻገር፦ የደሴ ሰፈሮችና የስማቸው ታሪክ

ከመካነ ሰላም በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ አቀስታን አልፎ፣ የጉጉፍቱን ውርጭ ተሻግሮ፣ ወደ ገራዶ ሲያቆለቁል ተሳፋሪው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ለቦረና፣ ለለጋምቦ፣ ለሳይንትና ለተንታ ደገኛ ትልቁ ከተማ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ደሴ ነው። ይግባኝ የሚባለው፣ ሐኪም የሚፈለገው፣ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት የሚላከው ወደዚያ ነበር። ይሁንና ይኸው መንገደኛ ከተማይቱን እንዲጎበኝ የተጋበዘ እንደ ሆነ የሚታየው ነገር ከሦስት አይበልጥም፤ የአይጠየፍ አዳራሽ፣ መርሆ ግቢና የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየም። ሦስቱም ሊታዩ የሚገባቸው ቅርሶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የመኳንንቱን ቤት ጎበኘ እንጂ ከተማይቱን ገና አላወቃትም። ከተማይቱ በተራሮቹ ጥግ ላይ በተለጠፉት ሰፈሮች ውስጥ ናት፤ ታሪኳም በአብዛኛው የተጻፈው በስማቸው ላይ ነው።

የጥንት ስሟ ላኮመልዛ ነው። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱም እንደ መልካም ምልክት ቆጥረውት ቦታውን «ደሴ» ብለው እንደ ሰየሙት ይናገራል። በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በዓለም ዙሪያ መታየቱን የከዋክብት ሊቃውንት መዝግበዋል። ስለዚህ ትውፊቱ እንዲያው ከባዶ የተነሣ አይመስልም። ከዚያ በፊት በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ምክንያት የወሎው መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተብለዋል። ራስ ሚካኤል መናገሻቸውን ከተንታ ወደ ደሴ ማዛወራቸው ለምዕራቡ ደጋ ትልቅ ለውጥ ነበር። በተንታ አምባ ላይ የነበረው የአስተዳደር ማዕከል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን ደቡቡ የነጋዴ መንገድ ተጠጋ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደገኛው ግብሩንም አቤቱታውንም ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ግዴታ ሆነበት።

የዚያ ዘመን ከተማ አመሠራረት ከጦር ሰፈር ሥርዓት የተለየ አልነበረም። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ጭፍራ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የጌታው ድንኳን መካከል ላይ ይተከላል፤ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ዙሪያውን ይይዛሉ፤ ከእነርሱ ኋላ ደግሞ ጋሻ ጃግሬው፣ የቤት አሽከሩ፣ ወጥ ቤቷና እንጨት ለቃሚው ይሰፍራል። አዲስ አበባም የተሠራችው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ሥጋ ቤት ሰፈር የሚሉት ስሞች እያንዳንዱ ሰው ለቤተ መንግሥቱ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያስታውሱ ናቸው። በደሴ ግን መሬቱ ይህን ክብ አልፈቀደም። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ተጋፍተው ስለ ያዟት ከተማይቱ እንደ መቀነት ረዝማ ተዘረጋች። ሜዳ ያገኘው ቤተ መንግሥትና ገበያ ሠራ፤ ሜዳ ያላገኘው ወደ ዳገቱ ወጣ። እስከ ዛሬም ድረስ በክረምት መሬት ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚጎዳው ያ ዳገት ላይ የወጣው ነው።

ስለ አይጠየፍ ብዙ ተነግሯል። ስሙ እንግዳን ሁሉ የማይንቅ፣ የማይጸየፍ ማለት ስለ ሆነ፣ ለወሎ የእስላምና የክርስቲያን አብሮ መኖር ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም አዳራሹን የሚያደንቅ ጎብኚ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነበር። ግብር የተበላበት እንጀራ የማን ጤፍ ነው? ማን ፈጨው? ውሃውን በእንስራ ከቦርከና ወይም ከምንጭ ያመላለሰችው ማን ናት? ሰንጋው የተነዳው ከየትኛው ገባር ደጅ ነው? አንድ የግብር ቀን እንዲሞላ ሴቶች በወፍጮ ድንጋይ ላይ ለሊቱን ሁሉ ጎብጠው ያድራሉ፤ እንጨት ተሸካሚዎች ከጫካ ይመላለሳሉ፤ ጠጅ ጣዮች ማር ሲበጠብጡ ይሰነብታሉ። የእነዚህ ሰዎች ጎጆ የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ስለ ነበረ ከመቶ ዓመት በኋላ በሙዚየም የሚቆም ነገር አልተወም። የተወው ሰፈር ብቻ ነው።

የሰፈሮቹ ስም ግን ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ ይናገራል። ሸዋ በር ወደ ሸዋ የሚወጣበት በር ነው። የግንብ በር አይደለም፤ መንገዱ ራሱ በር ተብሏል። በዚያ በኩል የሚገባው ነጋዴ፣ የሚወጣው ዘማች፣ የሚሸኘው መንገደኛ ሁሉ ስሙን አጽድቆታል። ሰኞ ገበያም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ በገበያ ቀን የተጠሩ ስፍራዎች ጥቂት አይደሉም፤ ማክሰኚት፣ ሐሙሲት፣ አርብ ገበያ ተብለው በጎንደርና በጎጃም አገር ይገኛሉ። በሸዋና በራያ ቆቦ የታወቀው ሮቢት የሚለው ስም በደሴም ሰፈር ሆኖ ይገኛል፤ ከሮብ ቀን ጋር ያለውም ዝምድና ግልጽ ነው። ጌታ ሲሻር የሚለወጥ ስም አለ፤ የገበያ ቀን ግን አይሻርም። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ሲማረኩ የአዳራሹ ግብር ተቋረጠ። የሰኞው ገበያ ግን ደሴን ከጌታዋ በኋላ አቆያት።

በዚህ ገበያ ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ከለጋምቦና ከጉጉፍቱ አካባቢ የበግ ጠጉር ባና፣ ገብስና ባቄላ ይወርዳል፤ ከቆላው ማሽላና ጨው ይወጣል። ደገኛው ባናውን ሽጦ ጨው ይገዛል፤ የሚተርፈው ካለ ለልጁ ሸማ፣ ለሚስቱ ሻሽ ይጨምራል። በገበያው ዳርና ዳር የሚኖረው ባለ እጅ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ማረሻ የሚሠራለትን አንጥረኛ ቡዳ፣ የሚያለብሰውን ሸማኔ ቁጢት በጣሽ፣ ጫማና ጀንዲ የሚያለፋለትን ፋቂ እያለ የሚሳደብ ኅብረተሰብ ያለ እነርሱ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ መከልከላቸው የስድቡን ስፋት ያስረዳል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልምና። ስድቡ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ነገር ግን በከተማ የሸማኔው ልጅ ከባላባቱ ልጅ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ ቀስ በቀስ መጣ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በወይዘሮ ስሂን ስም የተጠራው ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ያበረከተው ድርሻ የመምህራን ሁሉ መኩሪያ ነው። ከየደጋው የመጡ ወጣቶች በየሰፈሩ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እያስመጡ፣ በኩራዝ እያጠኑ ወጥተዋል። የብዙ መምህርና የብዙ ሠራተኛ ሕይወት የተጀመረው በዚያ ነው።

ፒያሳ የሚለው ስም ሌላ ዘመን ያመጣዋል። ደሴ የባዕድ ቋንቋ ድምፅ የሰማችው ግን ከወረራው በፊት ነው። ኢጣልያኖች ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ ሽቦ በ1890ዎቹ በከተማይቱ በኩል አልፏል። ያንን ሽቦ የዘረጋው መንግሥት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹን ላከ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ዕለት በደሴ ስለ ነበሩ የታሪክ መጻሕፍት አብዝተው የሚተርኩት እርሳቸው በመትረየስ መተኮሳቸውን ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል መመታቱም ለዓለም ተነግሯል። በዚያ ቀን የነደዱት የሣር ክዳን ቤቶች ግን የማን እንደ ነበሩ የሚተርክ ጽሑፍ ብዙ የለም። ጠላት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ያዘ፤ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ለቀቀ። በአምስቱ ዓመት የአሰብ መንገድ ተሠርቶ ደሴ ከወደብ ጋር ተገናኘች፤ የመኪና መንገድ ዳር ያለ ቦታ ከቤተ መንግሥት ዳር ካለው ቦታ ይልቅ ዋጋ አወጣ። ሕዝቡ ወራሪውን አባርሮ ቃሉን አስቀረ። በአዲስ አበባም የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶችን የሚሠራው የኢጣልያ ድርጅት ምሕጻረ ስም ካዛንቺስ ሆኖ ቀርቷል። መርካቶም የገበያ ስም መሆኑ ተረስቶ የአንድ ቦታ ስም ሆኗል። ቃል ማርኮ የራስ ማድረግ የሰፈር ሰው የቆየ ጥበቡ ነው።

ቧንቧ ውሃ የሚለው ሰፈር ደግሞ ትሑት ነው፤ ጦርነትም ንጉሥም የለበትም። ሆኖም ከስሞቹ ሁሉ ይልቅ የሴቶችን ኑሮ የሚመሰክር እርሱ ነው። ውሃ በእንስራ ተቀድቶ በወገብ ታዝሎ ዳገት በሚወጣበት ከተማ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወይም እንደ መስጊድ ለቦታው መለያ ቢሆን አያስደንቅም።

በየሰፈሩ ያለውን ኑሮ አስተሳስሮ የያዘው ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ መቃብር ይቆፈራል፤ ለሐዘንተኛው እህልና ማገዶ ይዋጣል፤ የቀረ ይቀጣል። የሞተው እስላም ቢሆን ክርስቲያኑ ጎረቤት፣ ክርስቲያን ቢሆን እስላሙ ጎረቤት አካፋውን ይዞ ይመጣል። ይህ በአይጠየፍ ስም የሚወደሰው አብሮ መኖር ያለ ጌታና ያለ ግብር በተራው ሰው እጅ የተሠራበት ነው። በአንዱ ቤት መንዙማ፣ በሌላው ቅኔና መዝሙር በሚሰማበት ጎረቤት ያደገ ልጅ ጆሮው ቢሰፋ የሚጠበቅ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በደሴ ግራና ቀኝ ባሉ አገሮች ስም መጠራታቸውን ሁሉም ያውቃል። በደርግ ዘመን ማሪቱ ለገሰ ያቀነቀነችበት የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንም ድምፁን የቀዳው ከገበያውና ከሰርግ ቤቱ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የወደቀው ረሀብ በሰፈሮቹ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል አይገባም። ከብቱ ያለቀበትና ማሳው የደረቀበት ገበሬና ዘላን በዋናው መንገድ ዳር ወዳሉ ከተሞች ሁሉ ጎረፈ። መንግሥት ወሬውን ቢሸፍንም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጉዳዩን ለዓለም ገለጠ። ፊልሙ ያላሳየው የየሰፈሩን እናቶች ነው፤ ከጉድለታቸው ቆርሰው በደጃቸው ለወደቀው ሰው ያቀረቡትን።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ሰፈሮቹ በቀበሌ ቁጥር ተጠሩ። ቁጥሩ ለመዝገብ ተመችቶ ነበር። ይሁን እንጂ አከላለሉ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቁጥሩም አብሮ ተለዋወጠ፤ ነዋሪው በሮቢትና በሆጤ ጸና። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 97,314 የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ከነገጠር ቀበሌዎቿ ከ150 ሺህ በላይ ሆኗል። ከየደጋው የመጣው አዲስ ነዋሪ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት እነዚህን ስሞች ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች በተያዘችበት ጊዜ ሙዚየሙ ተዘረፈ። የከተማይቱ ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ተከማችቷል ብሎ ያመነ ሰው በዚያ ወር ከባድ ሐዘን ላይ ወድቋል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የታየውም ሌላ ገጽታ ነው፤ እዚያ ሰፈሩ ራሱ ሄደ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ለመንገድና ለመብራት የሚቃወም የለም፤ ነገር ግን ቅሬውና ዕድሩ በጭነት መኪና ተጭኖ አይዛወርም። በደሴም አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር ማን ሠራው፣ ማን ተከራየው፣ ምን ተሸጠበት ብሎ ከሽማግሌ አፍ የሚጽፍ መምህር፣ በሩንና መስኮቱን በእርሳስ የሚነድፍ ሠዓሊ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ማታ አውቶቡሱ ከደጋ ሲገባ የታክሲ ረዳቶች መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ይጠባበቃሉ። ከመካነ ሰላም የመጣው መንገደኛ ጆንያውን አንጠልጥሎ ሲወርድ አንዱ «ሸዋ በር፣ ሸዋ በር!» ይላል፤ ሌላው «ሰኞ ገበያ!» ሲል ይመልሳል።