ግሩም ስለሚለው ቃል ጥንተ ትርጕም

ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የታወቀ አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አምባ የሚገኙት በዚያ ነው። የዚያ አገር ደቀ መዝሙር በጉባኤው በግዕዝ ያዜማል፤ ንፋስ መውጫ ገበያ ሲወጣ ባማርኛ ይነጋገራል። ከሁለቱ ቋንቋዎች የጋራ ቃላት አንዳንዶቹ መልካቸው ሳይለወጥ ትርጕማቸው ተለውጧል፤ ከነዚህም አንዱ «ግሩም» ነው።

ባማርኛ ግሩም ማለት ድንቅ፥ እጅግ መልካም ማለት ነው፤ ግሩም ንግግር፥ ግሩም ሥራ ይባላል። በግዕዝ ግን ገረመ ማለት አስፈራ፥ አስደነገጠ ሲሆን፥ ግሩም የሚያስፈራ ነው። አውግስት ዲልማንም በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት የፈታው በዚሁ ነው። በመዝሙረ ዳዊት የእግዚአብሔር ሥራ ግሩም ሲባል፥ ግዕዙ የተተረጐመበት የግሪኩ መጽሐፍ «ፎቤሮስ»፥ ማለት አስፈሪ፥ ይላል።

የጥንቱ ትርጕም ካማርኛ ፈጽሞ አልጠፋም። ስለ ባሕታውያን ሲነገር ድምፀ አራዊትን፥ ግርማ ሌሊትን ታግሠው ኖሩ ይባላል፤ ግርማ ሌሊት የሌሊት አስፈሪነት እንጂ የሌሊት ውበት አይደለም። ግርማ ያለው ሰው የሚባለውም በፊቱ ለመናገር የሚያሳፍርና የሚያስፈራ ነው። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ «ግርማዊ» ይባሉ የነበረው ከዚሁ ሥር ነው።

ፈርሀ ፈራ፥ ደንገፀም ደነገጠ ሆነው ትርጕማቸውን ሲጠብቁ፥ ገረመ ብቻውን ለምን ተለወጠ? ምክንያቱ ቃሉ ከዋለበት ስፍራ የሚገኝ ይመስላል። ፈርሀ ለአውሬውም ለጠላትም ይነገራል፤ ግሩም ግን ይበልጡን የተነገረው ለአምላክና ለንጉሥ፥ ይኸውም ለሚፈራውና ለሚከበረው ነው። ፍርሀቱ መገረምን፥ መገረሙም ምስጋናን ወለደ፤ በመጨረሻ ምስጋናው ብቻ ቀረ።

እንግሊዞችም ከላቲን የወሰዱት «ቴሪፊክ» የሚባል ቃል አላቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት አስፈሪ ማለት ነበረ፤ ኋላ ለብዛትና ለብርታት ማጋነኛ ሆኖ፥ ዛሬ እጅግ መልካም ለማለት ይነገራል። ያ በማጋነን፥ የእኛው በማክበር ተለወጠ፤ መድረሻቸው ግን አንድ ሆነ።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዳዊትን ግሩም በዛሬው አማርኛ የሚፈታ ተማሪ መንቀጥቀጡን ትቶ ማድነቁን ብቻ ይይዛል። መጽሐፉን የተረጐሙት አበው ግን ሁለቱን አልለዩም።