ድንበር የማይገፋባት መንደር

እንግሊዝ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ለንደንና ኳስ ነው። ዛሬ ግን ወደ ገጠር እንውጣ። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ላክስተን የምትባል መንደር አለች።

የገበሬዎቹ ቤቶች በመንደሩ መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። እርሻው ያለው ውጪ ነው። ሦስት ሰፋፊ ሜዳዎች፣ በውስጣቸው አጥር የለም። የአንዱ ገበሬ ማሳ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ጎን ለጎን ይውላል። አንደኛው ሜዳ ስንዴ ሲዘራበት፣ ሁለተኛው ብርዱ ሲያልፍ የሚዘራውን እህል ሲይዝ፣ ሦስተኛው ጦሙን ያድራል። ተራው በየዓመቱ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1635 የተነሳው ካርታ እያንዳንዷን ማሳ መዝግቧል። ዛሬ ማሳዎቹ በቁጥር አንሰው፣ በስፋት ጨምረዋል፤ ሥርዓቱ ግን አለ።

የመካከለኛው እንግሊዝ ገጠር በአብዛኛው እንዲህ ነበር። በተለይ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ፓርላማው በሺዎች የሚቆጠሩ አዋጆች አወጣና የጋራው መሬት ታጠረ። ምርት ጨመረ ይባላል። ላሙን በጋራ ግጦሽ ያሰማራ የነበረው ድሃስ? እሱማ ሜዳ ላይ ቀረ።

ታዲያ ላክስተን እንዴት አመለጠች? አንዱ የሚጠቀሰው ምክንያት ያስቃል፤ ዋናዎቹ ሁለት ባለርስቶች መሬቱን ለማጠር አልተስማሙም። በ1952 አብዛኛውን መሬት መንግሥት ገዛው፤ በ2020 ደግሞ ተመልሶ ወደ አንድ የግል ርስት ዞረ።

ጌታው ቢቀያየርም ያልተቀየረ ነገር አለ። በየዓመቱ ኅዳር ገደማ ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ሜዳ በእግራቸው ይዞራሉ። ማረሻው ከማሳው አልፎ መንገዱን ወይም ለሣር የተተወውን ቦታ ነክቶ እንደሆነ ያያሉ፤ ችካል ይተክላሉ። ከሳምንት በኋላ ችሎቱ መንደሩ መጠጥ ቤት ውስጥ ይሰየማል። ያጠፋው ይቀጣል፤ ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው። የ1977ቱ ሕግ የአገሪቱን ጥንታዊ የአጥቢያ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲያነሳ፣ ይህንን ግን ሜዳዎቹን እንዲያስተዳድር ትቶለታል።

ድንበር መግፋት ምን እንደሚያስከትል ለገጠር ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ላክስተንን ያቆያት የቅጣቱ ክብደት እንዳይመስላችሁ። ዳኛውም ራሱ አራሽ ነው፤ ዘንድሮ የጎረቤቱን ትልም ያየ፣ ለከርሞ የሱም ይታያል። አብሮ የሚዞር ገበሬ የጠፋ ዕለት ግን ካርታውም ሕጉም ብቻቸውን አያድኗትም።